መልሱ የሚቀድምበት ቤት

«ኩባያው ተሰበረ!» አብርሆት ከምንጣፉ ላይ ብድግ አለች። «አያችሁት? ዝም ብሎ ወድቆ ተሰበረ እኮ!»

«ታዲያ ኩባያ ወድቆ ምን እንዲሆን ነው የፈለግሽው?» አለ እስክንድር፣ ጉንጩን በፈንድሻ ሞልቶ።

ሁሉም ሳቁ። አብርሆት ግን አልሳቀችም። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ስትኖር እንዲህ የተከዳችበት ቀን ትዝ አይላትም። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቴሌቪዥኑ ላይ አፈጠጠች፤ ቴሌቪዥኑ ግን ምንም አልመሰለውም።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ዝናቡ የሳምሪን ቤት ቆርቆሮ ይደበድበዋል። ሰባት የዘጠነኛ ቢ ልጆች ሳሎኑን ሞልተው፣ ሲኒማ ቤት እንዲመስል መጋረጃውን ግጥም አድርገው ዘግተው ተደርድረዋል። ፊልሙን ጅማ የሚማረው የሳምሪ ወንድም በፍላሽ ልኮላቸው ነው፤ ሦስት ወር ሙሉ ሲጠብቁት የነበረ አኒሜ ነው። ጃፓኖች በስዕል የሚተርኩት መጽሐፍ ማንጋ ይባላል፤ ያ ስዕል ተንቀሳቅሶ ፊልም ሲሆን ደግሞ አኒሜ። ይህን የማያውቅ ሰው ካለ ዘጠነኛ ቢ ጎራ ይበል፤ ምሳውን ሳይበላ እስኪውል ያስረዱታል።

የማንጋው ርዕስ በእንግሊዝኛ ረጅም ነበር። አብርሆት «ከኮርኒሱ በላይ» ብላ አሳጠረችው፤ ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም የጠራው የለም። ናኦ የምትባል ልጅ ከአባቷ ጋር አንድ አሮጌ ቤት ትገባለች። ከኮርኒሱ በላይ የሆነ ነገር ይኖራል። ይራመዳል፤ ይቆማል፤ ከዚያ ይጠይቃል። ነገሩ ይኸው ነው። ቦንጋ ውስጥ ደግሞ ኮርኒሱ ላይ አይጥ የማይሮጥበት ቤት የለም፤ አብርሆት ታሪኩን በተረከችበት ሰሞን ስንቱ ጎረምሳ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ተቃቅፎ እንዳደረ ራሱ ያውቀዋል።

መጽሐፉን በእጇ የያዘችው እሷ ብቻ ነበረች። እናቷ ወይዘሮ የሻረግ በዞኑ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ በትምህርት ቀን ስልክ የሚባል ነገር በቤታቸው አይነሳም። ወረቀት ግን ይፈቀዳል። በወረቀት ላይ የታተመ ሁሉ ትምህርት ነው ብለው ያምናሉ። ስለዚህ አብርሆት በእንግሊዝኛ ከክፍሉ አንደኛ በወጣች ጊዜ ሽልማቴ ይሁንልኝ ብላ የማንጋውን የመጀመሪያ ክፍል መናኸሪያው አጠገብ ያሉት ጋሽ ተክለጻድቅ ጋ አሳተመች። እሳቸውም እንደ ኮሌጅ ሀንዳውት በፕላስቲክ ሸፍነው፣ በጥቁር ስፓይራል ጠርዘው ሰጧት።

ሌሎቹ ስልክ ቢኖራቸውም እንግሊዝኛውን ማን ይታገለዋል? የምሳ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ተሰብስበው እሷ ወደ አማርኛ እየመለሰች ትተርክላቸዋለች። የሰሙት ደግሞ ቤታቸው ገብተው ለታናናሾቻቸው በአገሩ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ይተርካሉ። ኋላ ላይ ደብተር ላይ ጻፈችው፤ ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሽፋኑ አለቀ።

የሚያስፈራው ደግሞ ጭራቁ አልነበረም። ናኦ ጨለማ ማድ ቤት ውስጥ ብቻዋን ትቆማለች። ማንም ምንም አላላትም። ድንገት ቀና ብላ «እኔ ነኝ» ትላለች። በሚቀጥለው ስዕል ላይ ባዶው ኮርኒስ ብቻ ይታያል፤ ድምፁ ከዚያ ይመጣል፦ «ታች ያለው ማነው?» እንደገና ደግሞ ኩባያው አለ። መጀመሪያ ስብርባሪው መሬት ላይ ነው፤ ቀጥሎ አየር ላይ፤ በመጨረሻ ጠረጴዛው ላይ ምንም ሳይሆን ተቀምጦ እንፋሎቱ ይወጣል። በዚያ ቤት መልሱ ከጥያቄው ይቀድማል። አብርሆት እዚህ ስትደርስ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፤ ያኔ እስክንድር እንኳ ማላመጡን ያቆማል።

አሁን ግን ቴሌቪዥኑ ላይ ኮርኒሱ «ታች ያለው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ናኦ «እኔ ነኝ» አለች። ደነገጠች፤ ኩባያው ከእጇ ወደቀ፤ ተሰበረ። በቃ። በዚያ ላይ ኮርኒሱ ላይ ያለው ነገር እርምጃው የጋሪ ፈረስ ይመስላል። መጽሐፉ ላይ በጥቁር ቀለም ተጭረው ተጭረው የጠቆሩት ማዕዘኖች ፊልሙ ላይ እንደ ሕፃናት መዋያ ግድግዳ ደማቅ ሆነዋል። ፍጡሩንም ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ከነጸጉሩ አውጥተው አሳዩት። ሲራመድ ጉልበቱ አይታጠፍም።

«ደባሪ ነው» አለች አንዷ።

«ቀሽም!» አለ ሌላው።

ወዲያው መብራት ሄደ። «መብራቱም ሰልችቶት ሄደ» አለ እስክንድር፤ ሳቁ ከዝናቡ በላይ ተሰማ።

«አበላሹት» አለች አብርሆት በጨለማው ውስጥ። «መጽሐፉን አላነበቡትም ማለት ነው። አርብ በሚኒ ሚዲያ ልክ ልካቸውን ነው የምነግራቸው።»

ሳምሪ ከሶፋው ላይ ዘላ ተነሳች። የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ኃላፊ እሷ ናት፤ እስከ ዛሬ ድምጽ ማጉያው የሚያወራው ስለጠፋ መታወቂያና ስለ እጅ መታጠብ ብቻ ስለነበር የሚሰማው አልነበረም። «በናትሽ! አሥር ደቂቃ እሰጥሻለሁ። ሰኞ ማስታወቂያ እለጥፋለሁ!»

«እኔ ደግሞ ያሳዘነኝ ቀፎ አለመኖሩ ነው» አለ እስክንድር መጋረጃውን እየከፈተ። «ልክ እሱ እንዳለው አድርገው እኮ ነው የሠሩት። ቢያየው ምን ያህል ደስ ባለው!»

ልጆቹ እንደገና ሳቁ። አብርሆትም ፈገግ አለች። ግን ጫማዋን ስታስር ጣቷ ክሩ ላይ ቆመ። ልክ እሱ እንዳለው። ጃፓን ያሉ ሰዎችና ኢሳያስ እንዴት አድርገው አንድ ዓይነት ስህተት ይሳሳታሉ?

ቀፎ የሚሉት ኢሳያስን ነው። ጫካ መሀል ካለችው ከማንኪራ ነው የሚመጣው፤ ከሰኞ እስከ አርብ ከአክስቱ ልጆች ጋር ቦንጋ ተከራይቶ ይማራል፤ አርብ ከሰዓት በእግሩ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከስድስት ሳምንት በፊት አብርሆት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ስትተርክ ከኋላ ቆሞ ሲሰማ ቆየና ጉሮሮውን ጠረገ።

«አብርሆት፣ መጽሐፉ ላይ ግን እንዲህ አይደለም። መጀመሪያ ትጠየቃለች፤ ከዚያ ነው የምትመልሰው።»

«የት አንብበህ?» አለችው።

«ስልኬ ላይ።»

«የት ሆነህ?»

«ቤት። ማንኪራ።»

«ማንኪራ!» አለች አብርሆት፤ ሃያ ልጅ እያያት ነበር፤ ሃያ ልጅ ሲያያት ደግሞ ምላሷ አይያዝላትም። «ኔትወርኩን እንደ ማር ከቀፎ ቆርጠህ ነው የምታወጣው? ውሸታም!»

ልጆቹ በሳቅ ተንከባለሉ። ኢሳያስ ሌላ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ሳቁ ግን አላስደመጠውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ቀፎ ሆነ። መምህር ስም ሲጠሩ እንኳ ከኋላ አንድ ሰው «ቀፎ» ብሎ ያንሾካሹካል። እሱም ቀስ በቀስ ከሦስተኛው መቀመጫ ወደ መጨረሻው ሄደ፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባም ዳግመኛ አልታየም። አብርሆት ይህን ሁሉ አይታለች። ስታይ ግን ቀልድ ነው ብላ ነው ያየችው።

ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ጥራዟን በፌስታል ጠቅልላ ጋሽ ተክለጻድቅ ጋ ሄደች። ናኦ ሳትጠየቅ የምትመልስበትን ገጽ ሠላሳ አንድን በትልቁ አሳትማ ሚኒ ሚዲያው በር ላይ ልትለጥፈው ነው፤ ሁሉም አይቶ ይፍረድ። በሆዷ ግን እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ያቺ የእስክንድር ቀልድ እንደ እሾህ ተሰክታ አልወጣ ብላታለች።

ጋሽ ተክለጻድቅ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ኮምፒውተሩ ላይ ፋይሉን ይፈልጋሉ። «ያ የሰይጣን መጽሐፍሽ ነው አይደል? ይኸው፣ አልጠፋም። እኔ ጋ የገባ ፋይል አይጠፋም።»

ስክሪኑ ላይ የመጀመሪያው ገጽ ተከፈተ። አብርሆት ጠጋ አለች።

«ጋሽ ተክሌ፣ ይቺ ምንድን ናት? የኔ ላይ የለችም።»

«እ? እሷን አወጣኋት እንጂ። ስዕል የላት፣ ታሪክ የላት፤ ማስታወቂያ ናት። ለሷ ደግሞ አንድ ወረቀት ላበላሽ?»

አበላሽተውም አያውቁም። ጋሽ ተክለጻድቅ የተመራቂ ተማሪ የምስጋና ገጽ ሁለት ሆኖ ሲመጣ «አንዱን አክስትህን ብትተዋትስ?» የሚሉ ሰው ናቸው። ለወረቀት እንደሳቸው የሚሳሳ ቦንጋ ውስጥ የለም፤ ለደንበኛ አስበው የሚያደርጉትም መልካም ነገር ነው።

ገጿ ላይ አንድ ትልቅ የእጅ መዳፍ ተስሏል፤ ቁም የሚል ዓይነት። ከሥሩ ስድስት ባዶ ሳጥኖች አሉ፤ ሳጥኖቹ ላይ ቁጥር ተጽፏል። አንድ ቁጥር ያለው ከላይ በስተቀኝ ነው። ሁለት ከእሱ በስተግራ። ቀስት ከቀኝ ተነስቶ ወደ ግራ ይሄዳል። ከታች በእንግሊዝኛ ሁለት መስመር ተጽፏል፤ በእንግሊዝኛ አንደኛ የወጣች ልጅ ይቅርና መጨረሻ የወጣም ይረዳዋል። ይህ መጽሐፍ የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው።

አብርሆት ክው አለች።

ጥራዟን ከፌስታሉ አውጥታ ገጽ ሠላሳ አንድን ገለጠች። ጣቷን ከላይ በስተቀኝ አደረገች። ኮርኒሱ፦ «ታች ያለው ማነው?» ጣቷን ወደ ግራ ሳበች። ናኦ፦ «እኔ ነኝ።» ወደ ታች ወረደች። ኩባያው ጠረጴዛው ላይ፤ ኩባያው አየር ላይ፤ ኩባያው መሬት ላይ፣ ስብርባሪ።

ገጾቹ ተከታትለው ስለሚሄዱ ታሪኩ አልጠፋባትም ነበር። የጠፋባት በየገጹ ውስጥ ያለው ነው። ሁለት መቶ ገጽ፣ እያንዳንዱ ወደ ኋላ።

«ልጄ፣ አሞሻል?» አሉ ጋሽ ተክለጻድቅ። «ጆሮሽ ቲማቲም መሰለ።»

«ደኅና ነኝ፣ ጋሽ ተክሌ።»

«በትልቁ ላትመው?»

«ይቆይ» አለች። ጥራዙን ፌስታል ውስጥ መልሳ ጠቀለለችው።

መንገድ ላይ አፍራ አፍራ አልበቃትም። ያኔ ግን አንድ የማትጠብቀው ነገር መጣባት፤ ጉጉት። መጽሐፉን የሠራው ሰው ሳትጠየቅ የምትመልስ ልጅ አልሳለም። ታዲያ ያችን ልጅ ማን ሠራት? የተሰበረ ኩባያ ተመልሶ ሙሉ ሲሆን ያየችው እሷ ናት፤ ሌላ ማንም አላየም። ይህን እያሰበች ቁልቁል ስትወርድ ባጃጅ ጭቃ ረጭቶባት አለፈ፤ አልተሳደበችም።

ሐሙስ ከትምህርት ሲወጡ ለሳምሪ ነገረቻት። ሳምሪ መሀል መንገድ ላይ ቆመች።

«ቆይ፣ ቆይ። ሁሉንም ገጽ?»

«ሁሉንም።»

ሳምሪ አፏን በሁለት እጇ ይዛ እስክትደክም ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቀስ ብሎ ጠፋ። «አርብስ? ማስታወቂያው ተለጥፏል እኮ። ቲቸር አዲሱ ራሱ እሰማለሁ ብሏል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሊሰማን ነው፣ አብሪ!»

«እኔም እሱን ነው የማስበው።»

«ታዲያ አንብቢው! ፊልሙ ቀሽም አይደለም? ነው። የፈረስ ኮቴው፣ ጉልበቱ፣ ምኑ ቅጡ። ያንቺው ደግሞ ይበልጣል። ማን ያውቃል ብለሽ ነው?»

«ኢሳያስ ያውቃል።»

«ቀፎ?» ሳምሪ ትከሻዋን ሰበቀች። ክፋት አልነበረባትም፤ ያለችውም እንዲያው እውነት ስለሆነ ነው። «ቀፎን ማን ያምነዋል?»

ሳምሪ ተሰናብታት በታችኛው መንገድ ስትሄድ አብርሆት እዚያው ቆማ ቀረች። ማን ያምነዋል። እውነት ነው፣ ማንም አያምነውም። ከስድስት ሳምንት በፊት ግን ያምኑት ነበር። ማታ እራት ላይ እናቷ ወይዘሮ የሻረግ «ምን ሆነሻል?» ሲሏት «ፈተና» አለች፤ ያም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም።

አርብ ጠዋት ደወል ሳይደወል ክፍል ገባች። ኢሳያስ መጨረሻው መቀመጫ ላይ ብቻውን ነበር። በእጇ የያዘችውን ጥራዝ አየና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ገጽ ሠላሳ አንድ ስልክህ ላይ አለ?» አለችው።

«ለምን?»

«ላየው ፈልጌ ነው።»

ትንሽ አመነታ። ከዚያ ስልኩን ከጃኬቱ ኪስ አውጥቶ፣ ስክሪኑን በክንዱ ጠርጎ ከፈተላት። ጎን ለጎን አስቀመጧቸው፤ ስልኩንና ጥራዙን። ያው ናቸው። ያው ናኦ፣ ያው ኮርኒስ።

«ማንኪራ ኔትወርክ አለ?» አለች፤ ይሄንን ስትል ድምጿ ቀጠነባት። እንደ በፊቱ አልነበረም የጠየቀችው፤ ለማወቅ ነው።

«ታች የለም» አለ ኢሳያስ። «ዛፍ ላይ አለ። አባዬ ቀፎ ሊሰቅል ሲወጣ አብሬው እወጣለሁ፤ ገመዱን እይዝለታለሁ። ላይ ሲደርሱ ኔትወርኩ ይገባል። እሱ ሥራውን እስኪጨርስ ድረስ እዚያው ቅርንጫፍ ላይ ሆኜ አወርዳለሁ። መጽሐፉን በሦስት ሳምንት ነው አውርጄ የጨረስኩት፤ ሦስት ዛፍ።» ፈገግ ሊል ሲል ተወው። «ቀፎ ስትሉኝ አባዬ ቢሰማ ኖሮ ደስ ነበር የሚለው። እሱ ቀፎ ይወዳል።»

አብርሆት አንገቷን ደፋች። ይቅርታ ልትል ፈለገችና ስለ ፊልሙ ጠየቀችው።

«ፊልሙንስ አየኸው?»

«የአክስቴ ልጅ ስልክ ላይ። ደስ አይልም።» አሰበ። «መጽሐፉ ላይ ገጹን የምገልጠው እኔ ነኝ። ስፈራ እቆያለሁ። አንድ ጊዜ ንብ እጄ ላይ አርፋ እስክትሄድ ድረስ ሳልገልጥ ቆይቻለሁ። ፊልሙ አይጠብቅሽም። አንቺ ሳትፈሪ እሱ ይጨርሳል።»

አብርሆት ቀና ብላ አየችው። ለሚኒ ሚዲያው ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፋ ያላገኘችው ነገር ይኸው ነበር።

«ያን ቀን» አለ ኢሳያስ፣ ስልኩን ወደ ኪሱ እየመለሰ፣ «አልጨረስኩም ነበር። ያንቺ ይበልጣል ልል ነበር የመጣሁት። መጽሐፉ ላይ ትጠየቃለች፣ ትመልሳለች፤ ያስፈራል፣ ጥሩ ነው። ያንቺ ናኦ ግን ሳትጠየቅ ትመልሳለች። ከየት አመጣችው ብዬ ገርሞኝ ልጠይቅሽ ነበር።» ትከሻውን ሰበቀ። «ከየት አመጣሽው?»

ደወሉ ተደወለ። ልጆቹ እየተገፋፉ ገቡ፤ እስክንድር በሩ ላይ ሆኖ «ኧረ፣ ቀፎና አብርሆት!» ብሎ ጮኸ። ኢሳያስ ወዲያው ወደ መስኮቱ ዞረ። አብርሆት ጥራዟን አቅፋ ወደ መቀመጫዋ ሄደች። ሳትመልስለት ነው የሄደችው።

አራት ሰዓት ላይ እረፍት ሆነ። ሚኒ ሚዲያው ከአስተዳደር ሕንፃው ጫፍ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማይክ፣ ግቢውን የምታሳይ አንዲት መስኮት። ዝናቡ ስላላቆመ ተማሪው በየበረንዳው ጣሪያ ሥር ተጠጋግቶ ቆሟል፤ እንደ ወትሮው ግን አይንጫጫም። ማስታወቂያው ሥራውን ሠርቷል። ቲቸር አዲሱ የሻይ ብርጭቆ ይዞ ከመምህራን ክፍል በር ላይ ይታያል።

«ግቢው ሙሉ!» አለች ሳምሪ በሹክሹክታ፤ ደስታ አላስችል ብሏታል። «ተዘጋጀሽ?»

አብርሆት ወረቀቷን ዘረጋች። ሁለት ገጽ፣ በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረበት። የመጀመሪያው መስመር፦ «የዚህ ፊልም ሠሪዎች መጽሐፉን አላነበቡትም።» ስትጽፈው እንዴት ደስ ብሏት ነበር! አሁን አንዷን ቃል አንብባ ሁለተኛዋ ላይ መድረስ አቃታት።

በመስኮቱ አየች። ኢሳያስ ከቤተ መጻሕፍቱ በረንዳ ጫፍ ላይ፣ ከሌሎቹ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ጣሪያው የሚያንጠባጥብበት ቦታ ቆሟል። ጫማውን ያያል። ስለ ገጽ ሠላሳ አንድ የሚጠይቃት ማንም የለም። ዛሬም አይጠይቃትም፤ ነገም አይጠይቃትም። ዝም ካለች ሰኔ ይመጣል፣ ክረምት ይገባል፤ አሥረኛ ክፍልም ስሙ ቀፎ እንደሆነ ይገባል።

ወረቀቷን ለሁለት አጠፈችው፤ እንደገና ለአራት፤ ከዚያ ኪሷ ከተተችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ሳምሪ።

«እነግራቸዋለሁ።»

ሳምሪ አፏን ከፍታ አየቻት፤ ከዚያ በመስኮቱ ወደ ግቢው አየች፤ መልሳ አብርሆትን አየች። ብዙ የምትለው ነገር ያላት ትመስል ነበር። ግን እጇን ሰድዳ የማይኩን ቁልፍ ተጫነችላት። ቀይዋ መብራት በራች።

አብርሆት ወደ ማይኩ ተጠጋች።

«እኔ ነኝ» አለች።

ግቢው ውስጥ ሳቅና ጩኸት ፈነዳ፤ ታሪኩን የማያውቅ ስለሌለ ትርኢቱ የተጀመረ መሰላቸው። ከየበረንዳው፣ ከዘጠነኛም ከአሥረኛም፣ አንድ ላይ ሆነው በወፍራም ድምጽ መለሱላት፦

«ታች ያለው ማነው?»

ያልጮኸው ኢሳያስ ብቻ ነበር። ቀና ብሎ ድምጽ ማጉያውን እያየ ነው።

አብርሆት ጩኸቱ እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ ጥራዟን ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ገለጠች፤ ጣቷን ከላይ በስተቀኝ አደረገች።

«ውሸታሟ» አለች። «ኢሳያስ እውነቱን ነበር የነገራችሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።»